ሲኖትራክ የመታት ልብስ ሰፊ፦ ከአደጋው እስከ ካሳው የሄደ አንድ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን እንደመረጥኩት

በጥብቅና ሥራዬ የመኪና አደጋ ካሳ መዝገብ ብዙ አይቻለሁ። ይሄኛውን የምጽፈው ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች እዚህ አንድ መዝገብ ላይ ስለተገናኙ ነው። ሆስፒታል ድረስ የመጣ ሽምግልና አለ። በነጻ የተለቀቀ ሾፌር አለ። ተሽጦ ስሙ ያልዞረ መኪና አለ። የደመወዝ ወረቀት የሌላት ተጎጂ አለች። ሊያልፍ የተቃረበ ይርጋም፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አለ።

ባለጉዳይዋ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። የሰዎቹን፣ የሰፈሩንና የድርጅቶቹን ስም ትቻለሁ።

እኔ እንዳየሁት ሰው መብቱን በአብዛኛው የሚያጣው ችሎት ላይ አይደለም። ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ማንም ሳያስተውለው ነው የሚያጣው።

አደጋው

ጊዜው ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። ሴትየዋ ያኔ 36 ዓመቷ ነበር። ሁለት ልጆች አሏት። በደቡብ አዲስ አበባ በኩል፣ ከዋና መንገድ ዳር፣ በተከራየቻት ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው። የዩኒፎርምና የሐበሻ ቀሚስ ትዕዛዝ ትቀበላለች፤ የቤቱም ገቢ ያው ነው።

ማምሻውን ሱቋን ዘግታ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። የእግረኛ መንገዱ ለውሃ ቱቦ ተቆፍሯል። የወጣው አፈርና ጠጠርም እዚያው ተከምሯል። እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወርዳ ትራመዳለች። አሸዋ የጫነ ገልባጭ ሲኖትራክ፣ የሰፈሩ ሰው “ቀይ ሽብር” የሚለው ዓይነት፣ የቆመ ሚኒባስ አልፎ ወደ ቀኙ ሲመለስ በጎኑ መታት። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሾፌሩ አላመለጠም። መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ከሰዎች ጋር አንስቶም ሆስፒታል አደረሳት። ይህ በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ እዚህም መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሆስፒታሉ ማስያዣ ጠየቀ። ታናሽ ወንድሟ ከዕቁብ ጓደኞቹ ተበድሮ ከፈለ። በወቅቱ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የመኪና አደጋ ተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የአስቸኳይ ሕክምና በነጻ የማግኘት መብት ነበረው፤ ሆስፒታሉ ገንዘቡን ኋላ ከመድን ሰጪው ይጠይቃል። ወንድምየው ይህን አያውቅም ነበር። ግን አንድ ትልቅ ነገር አደረገ፦ የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ፣ የመድኃኒቱንም የታክሲውንም፣ በአንድ ፌስታል ሰብስቦ አስቀመጠ።

ሌላም አደረገ። በማግስቱ ጠዋት ቦታው ድረስ ሄዶ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ማንም አላዘዘውም። ከፎቶዎቹ በአንደኛው ላይ የእህቱ አንድ እግር ጫማ ይታያል። ከጠጠሩ ክምር ሥር፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወድቋል። ከኋላው የተቆፈረው ጉድጓድና የተዘጋው የእግረኛ መንገድ አለ። ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የቆመውን መኪና አነሳ። ታርጋውን፣ በሩ ላይ የተጻፈውን፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት። በሳምንቱ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ጠጠሩም ተነሳ። እነዚያ ፎቶዎች ባይኖሩ ኖሮ መንገዱ ያን ቀን እንዴት እንደነበር የሚያሳየን ነገር አይኖርም ነበር።

ሽምግልናው

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ሆስፒታል መጡ። የላካቸው በመኪናው የሚሠራበት ሰው ነው። በቅን ልብ እንደመጡ አልጠራጠርም። ከመካከላቸው አንዱ ወንድምየውን እንዲህ አሉት፦ “ልጄ፣ ሰው አልሞተ። እግዜር ያተረፋትን በፍርድ ቤት አታንከራትታት።” 20,000 ብር ይዘው ነበር። የተጻፈ ወረቀትም ይዘዋል።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው፦ “ለደረሰብኝ ጉዳት ሙሉ በሙሉ የተካስኩ ስለሆነ ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር የምጠይቀው ነገር የለም።”

ቤተሰቡ ሊፈርም ነበር። ብር አልቋል፤ ገና ኦፕራሲዮን አለ። ሊጠይቋት መጥተው እዚያ የተገኙ አንድ ጎረቤት ግን ወረቀቱን ላንብበው አሉ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። አንብበው ሲጨርሱ ለሽማግሌዎቹ “አባቶቼ፣ እርቁን አልጠላነውም። ወረቀቱን ግን እናስተካክለው” አሏቸው። በሌላ ወረቀት ላይ በእጃቸው ጻፉ፦ “እስከ ዛሬ ለወጣው የሕክምና ወጪ ብር 20,000 ተቀብያለሁ። ወደፊት የሚኖረውን ሕክምና፣ የአካል ጉዳትና የገቢ መቋረጥ በተመለከተ ያለኝ መብት የተጠበቀ ነው።”

ትንሽ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን ፈረመ፤ ብሩም ተሰጠ።

የዚህ ጉዳይ ዕጣ የተወሰነው እዚያ አልጋ አጠገብ ነው ብዬ አምናለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ወረቀት ቢፈረም ኖሮ ፍርድ ቤት ሄዳም ወረቀቱ ቀድሟት ይጠብቃት ነበር። እርቅ የባህላችን መልካም ነገር ነው፤ ደም ያደርቃል። ቢሆንም ተጎጂው ገና ምን ያህል እንደተጎዳ ሳያውቅ “ሙሉ በሙሉ ተክሻለሁ” ብሎ መፈረም የለበትም።

የወንጀሉ መዝገብ

ዐቃቤ ሕግ ሾፌሩን በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ከሰሰው። ቤተሰቡ በወንጀሉ መዝገብ ላይ ካሳም እንዲወሰን አመለከተ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ይህን ይፈቅዳል። ችሎቱ ግን የካሳው ስሌት ብዙ ማስረጃ ስለሚጠይቅና የወንጀሉን ጉዳይ ስለሚያጓትት በፍትሐ ብሔር ይጠየቅ ብሎ መለሰው። ይህ የተለመደ ነው።

ዋናዋ ምስክር በቦታው በቆሎ ትጠብስ የነበረች ልጅ ነበረች። ስልኳን ቀይራ፣ ሰፈርም ለቃ ጠፋች። የቀሩት ሁለት ምስክሮች ቃላቸው አልገጠመም። ጥር 2011 ሾፌሩ በነጻ ተሰናበተ።

ቤተሰቡ ተስፋ ቆረጠ። “ነጻ ወጣ፤ በቃ አለቀ” አሉ። ለወራት ማንም ምንም አላደረገም። ወደ እኔ የመጡት ሚያዝያ 2011 ነው፤ ያውም እንደገና የላኳቸው እኚያው ጎረቤት ናቸው።

ጊዜው ለምን አስጨነቀኝ

ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ እንደሚያገለግል ሕጉ ይናገራል። እዚህ ግን ሾፌሩ በነጻ ተለቋል። በዚያ ላይ ተደግፌ ጊዜ ማሳለፍ አልፈለግሁም። ሁለት ዓመቱ ጥቅምት 2012 ላይ ይሞላል። መሐል ላይ ደግሞ ክረምት አለ፤ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ይዘጋሉ። ስለዚህ ክሱ ከክረምቱ በፊት መግባት ነበረበት። ግንቦት ላይ ገባ።

የወንጀሉ ፍርድስ? ቁጥር 2149 ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነጻ መለቀቅ ውሳኔ አይገደድም። ከዚህም በላይ የሚረዳን ቁጥር 2081 አለ። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ፣ ወይም ጉዳቱ በራሷ በተጎጂዋ ጥፋት ካልመጣ፣ “እኔ ምን አጠፋሁ” ማለት አያድነውም። የወንጀሉ ችሎት የጠየቀው ሾፌሩ ማጥፋቱ ያለጥርጥር መረጋገጡን ነው። የእኛ ክስ የሚጠይቀው መኪናው የማን እንደሆነና ጉዳቱን ያደረሰው ያ መኪና መሆኑን ነው። ለቤተሰቡ ይህን ሳስረዳ ወንድምየው ለማመን ተቸግሮ ነበር።

ማንን ከሰስን

ሊብሬው ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ በመኪናው የሚሠራበት ሰው ሌላ። የመጀመሪያው ባለቤት ከአደጋው ሁለት ዓመት በፊት በውልና በውክልና ሽጦታል። ስመ ንብረቱ ግን አልዞረም። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ለተጎጂ ግን ወጥመድ ነው። አንዱን ብቻ ብንከስ “ባለቤቱ እሱ ነው” እያሉ ሊወራወሩ ይችላሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ከሰስን። በሊብሬው ባለቤት ስለሆነ አንዱን፤ መኪናውን ለጥቅሙ ይዞ ስለሚሠራበት ሌላውን። መድን ሰጪውም በመድኑ ልክ እንዲከፍል ተጨመረ።

ሾፌሩን ተውነው። ሕጉ ባይከለክልም የሚከፈል ነገር የለውም፤ መዝገቡን ከማርዘም በቀር አይጠቅመንም። ባለጉዳይዋም “እሱ አንስቶኛል፤ እሱን አልከስም” ብላ ነበር።

የዳኝነት ክፍያ መክፈል አትችልም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አቅም የሌለው ሰው ክፍያውን ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ከወረዳዋ ማስረጃ አቅርባ፣ ምላ ተፈቀደላት።

ከክሱ ጋር ሌላ ማመልከቻ አስገባን፦ ክርክሩ እስኪያልቅ የመኪናው ስም ወደ ሌላ ሰው እንዳይዛወር ዕግድ ይሰጥ። ተሰጠ፤ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱም ተጻፈ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ናት፤ በኋላ የምናያትን ሥራ ሠራች።

ገቢዋን ማስረዳት

የከበደን ይህ ነው። ደመወዝተኛ ብትሆን አንድ ደብዳቤ ይበቃ ነበር። እሷ ያላት የትዕዛዝ ደብተር ነው። ባለ ካሬ የተማሪ ደብተር። በየገጹ የደንበኛዋ ስም፣ የደረት፣ የወገብና የእጅጌ ልክ፣ የተከፈለ ቀብድ፣ የቀረ ሂሳብ። አንዳንዱ ገጽ ላይ የጨርቅ ቁራጭ በመርፌ ተያይዟል። ደብተሩን ችሎት አቀረብን። ከደንበኞቿ ሦስቱ ምስክር ሆኑ።

ተከሳሾቹ “ይህ በእጇ የጻፈችው ነው፤ ዋጋ የለውም” አሉ። ያዳነን ያልጠበቅነው ነገር ነው። እሷ ያኔ የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበረች። በ2009 ዓ.ም. ብዙ ነጋዴን ያስቆጣው የቀን ገቢ ግምት እሷም ላይ ወጥቶ ነበር። ያኔ በዝቶብኛል ብላ አልቅሳለች። አሁን ግን ከአደጋው ጥቂት ወራት በፊት መንግሥት ራሱ የገመተው ገቢ ሆኖ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ደብተሩ ያሳየውን 4,500 ብር አልተቀበለም። ግምቱንና ወጪዋን አመዛዝኖ የተጣራ የወር ገቢዋ 3,000 ብር ነው አለ።

ለአካል ጉዳቱ የሕክምና ቦርድ ውጤት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የተሰጣት የሐኪም ወረቀት “ስብራት” ከማለት አያልፍም፤ በዚያ ካሳ ማስላት አይቻልም። ቦርዱ ቀጥሮ፣ አይቶ፣ 25 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ብሎ ወሰነ። ፔዳል ለመርገጥ እግሯ እንደማይታጠፍላትም በማስረጃው ላይ ተጻፈ። ያ አንድ መስመር ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ጉዳቱን ከሥራዋ ጋር ያገናኘው እሱ ነው።

ፍርዱ

ተከሳሾቹ መንገድ ላይ የሄደችው በራሷ ጥፋት ነው ሲሉ ተከራከሩ። የወንድምየው ፎቶዎች መልስ ሆኑ። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላንም፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ የተመታችበትን ቦታ ከጠርዙ አጠገብ ያሳያል። እርቅ ፈጽማለች ሲሉ ደግሞ የጎረቤቷ የእጅ ጽሑፍ ቀረበ።

የካቲት 2012 ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ለሕክምና፣ እግሯ ውስጥ ያለውን ብረት ለማውጣት የሚያስፈልገውን ወደፊት የሚወጣ ወጪ ጨምሮ፣ 60,000 ብር። ሥራ ላልሠራችባቸው 15 ወራት 45,000። ሥራ ከተመለሰችበት ከ37 ዓመቷ እስከ 55 ዓመቷ ለሚቀንስባት ገቢ 162,000። ለሞራል ካሳ 1,000። በድምሩ 268,000 ብር። አስቀድማ የተቀበለችው 20,000 ተቀናሽ ሆነ። ከቀሪው 40,000 ብሩን መድን ሰጪው፣ 208,000 ብሩን ሁለቱ ባለንብረቶች በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም ከየትኛቸውም ሙሉው ሊጠየቅ በሚችል መንገድ፣ እንዲከፍሉ ተባለ።

ስለ ሞራል ካሳው ሳልናገር አላልፍም። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ደነገገ። ያኔ ብር ነበር። ዛሬ በዘላቂነት ለምታነክስ ሴት ይህን መስጠት ማሳፈር ነው። ዳኛውም እጃቸው የታሰረ ነው። ሕግ አውጪው ሊያስተካክለው ይገባል።

ገንዘቡን ማግኘት

ፍርድ አንድ ነገር ነው፤ ብር እጅ መግባት ሌላ። ውሳኔው በወጣ በሳምንታት ውስጥ ኮሮና መጣ። ከመጋቢት ጀምሮ ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ፤ የአፈጻጸም መዝገባችንም ቆመ። መድን ሰጪው ድርሻውን ከፈለ። ሁለቱ ግን ዝም አሉ።

2013 ላይ በመኪናው የሚሠራበት ሰው መኪናውን ሊሸጥ ገዢ አገኘ። ስሙን ለማዞር ሲሄድ ዕግዱ ጠበቀው። በዚያው ሳምንት ወደ ቢሮዬ መጣ። በሁለት ጊዜ ክፍያ ጨረሰ።

ከጉዳዩ የሚወሰድ

ማንም ሰው ነገ ሊገባበት ስለሚችል በቀጥታ ልናገር። አደጋው በደረሰበት ቀንና በማግስቱ ቦታውን፣ መኪናውን፣ ታርጋውንና የመድን ምልክቱን ፎቶ አንሱ። የምስክር ስልክ አንድ ብቻ አትያዙ፤ የዘመዱንም የሰፈሩንም ጠይቁ። የእኛ በቆሎ ጠባሽ የጠፋችው አንድ ቁጥር ብቻ ስለነበረን ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን በየትኛው መዝገብ እንዳለ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ።

ሽማግሌ ሲመጣ ተቀበሉ፤ አክብሩ። ገንዘቡንም ለሕክምና ከሆነ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ ግን ገንዘቡ ለምን እንደተከፈለና ምን እንዳልተከፈለ ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለት ሳያገኝ አይፈርም።

የወንጀሉን ውጤት እየጠበቃችሁ የካሳውን ጊዜ አትጨርሱ። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው። አደጋው የደረሰበትን ቀን ጻፉና ሁለት ዓመት ቁጠሩ፤ ክረምቱንም አስቡ።

በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታድሩ ከሆነ ደብተራችሁን አትጣሉ፤ የግብር ደረሰኛችሁንም እንዲሁ። ግብርን አሳንሶ ማስመዝገብ እንዲህ ባለ ቀን ተመልሶ ራስን ይጎዳል። ይህን ብዙ መዝገብ ላይ አይቻለሁ።

በዚህ መዝገብ የሠራው የመድን ጣሪያ፣ ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ የዚያ ጊዜ ነው። መጠኑ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራውን ጠይቁ። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ግን ከባለቤቱ የሚጠየቅ ነው። መድን ሰጪው “የእኔ ይሄው ነው” ሲል “ካሳህ ይሄው ነው” ማለቱ አይደለም።

መኪናው አምልጦ ከሆነ፣ ወይም መድን ከሌለው፣ ተጎጂው ባዶ እጁን አይቀርም። ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ በመድኑ ጣሪያ ልክ ይክሳል። ለዚያም ቢሆን አደጋው ወዲያው ለፖሊስ መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ አደጋ ይዞ ፈንዱ ዘንድ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የፖሊስ ማስረጃ ነው።